የግል ትምህርት ቤቶች ሕጋዊ መስፈርት (ኢትዮጵያ)

የግል ትምህርት ቤቶች ሕጋዊ መስፈርት ማለት በግለሰብ፣ በማኅበር፣ በሃይማኖት ተቋም ወይም በበጎ አድራጎት ድርጅት የሚቋቋም መደበኛ ትምህርት ቤት ሥራ ለመጀመርና ለመቀጠል በሕግ እንዲያሟላ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ሁኔታ ነው። በኢትዮጵያ ይህ መስፈርት በአንድ ጥራዝ ተሰብስቦ የሚገኝ አይደለም። መሠረቱ በሕገ መንግሥቱ፣ አጥሩ በአዋጆችና በደንቦች፣ ዝርዝሩ ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴርና የክልል ትምህርት ቢሮዎች በሚያወጧቸው የስታንዳርድ ሰነዶችና መመሪያዎች ውስጥ ነው። ከትምህርት ዘርፍ ውጭ ያሉ የአሠሪና ሠራተኛ፣ የንግድ፣ የሕንፃና የግብር ሕጎችም ትምህርት ቤቱን ይገዙታል።

ጉዳዩ ከባለቤቱ ይልቅ ተማሪውን ይበልጥ ይነካል። ፈቃድ በሌለው ትምህርት ቤት ስም ለክልላዊም ሆነ ለአገር አቀፍ ፈተና መመዝገብ አይቻልም፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ትምህርት ቤት የተሰጠ መሸኛና የውጤት ካርድም በሌላ ትምህርት ቤት በር ላይ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ አንድ ወላጅ ልጁን ሲያስመዘግብ ከክፍያው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የትምህርት ቤቱ ፈቃድ ለየትኛው ቦታ፣ ለየትኞቹ ክፍሎችና ለየትኛው ዘመን የተሰጠ መሆኑን ነው።

የሕግ መሠረት

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ንኡስ አንቀጽ 3 ለትምህርት አገር አቀፍ መስፈርትና መሠረታዊ የፖሊሲ መለኪያ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት ይሰጣል። ትምህርት ቤቶችን መክፈት፣ ማስተዳደርና መቆጣጠር ግን በአብዛኛው የክልሎች ሥራ ነው። በመሆኑም ሚኒስቴሩ የመጨረሻውን ዝቅተኛ ወለል ያስቀምጣል፤ ክልሉ ከወለሉ በላይ ሊጨምር ይችላል እንጂ ዝቅ ሊያደርገው አይገባም። በአማራ ክልል ይህ ሰንሰለት መቀመጫው ባሕር ዳር ከሆነው የክልሉ ትምህርት ቢሮ ተነሥቶ በዞን ትምህርት መምሪያዎች በኩል እስከ ወረዳና ከተማ አስተዳደር ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ይወርዳል።

አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 27 ደግሞ የሃይማኖት ተከታዮች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም የማቋቋም መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። ሁለቱ አይጋጩም፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መደበኛ ትምህርት ቤት ከከፈተ በመደበኛው የክፍል ሰዓት የመንግሥትን ሥርዓተ ትምህርት ማስተማር አለበት፤ የሃይማኖት ትምህርት ከፈለገም ለብቻው ያካሂዳል።

ከዓለም አቀፍ ሰነዶች ውስጥ ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 13 ወላጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሌላ የመምረጥ ነፃነት እንዳላቸው ይገልጻል። ነፃነቱ ግን የተመረጠው ትምህርት ቤት መንግሥት ያወጣውን ወይም ያጸደቀውን ዝቅተኛ የትምህርት መስፈርት የሚያሟላ እስከሆነ ድረስ ነው። የግል ትምህርት ቤት ሕግ ሁሉ የሚዞረው በዚህች ቅድመ ሁኔታ ዙሪያ ነው ቢባል አይበዛም።

ታሪካዊ አመጣጥ

በዘመናዊው የኢትዮጵያ ሕግ መንግሥታዊ ያልሆኑ ትምህርት ቤቶችን በሥርዓት ለመግዛት ከተሞከረባቸው ቀደምት ሕጎች አንዱ ስለ ሚሲዮኖች አቋቋም የወጣው የ1936 ዓ.ም. ድንጋጌ ቁጥር 3 ነው። ድንጋጌው አገሩን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልልና ለሚሲዮን ክፍት የሆነ ክልል ብሎ ከፈለ። በመጀመሪያው ክልል ሚሲዮኖች ሆስፒታልና ከሃይማኖት ስብከት ነፃ የሆነ ትምህርት የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ከመክፈት በቀር እንዳይሰብኩ ተደነገገ፤ የማስተማሪያው ቋንቋም አማርኛ እንዲሆን ታዘዘ። የቦታ ፈቃድ፣ የትምህርቱ ይዘትና የማስተማሪያ ቋንቋ የሚባሉት ሦስት ጉዳዮች ያኔም የመስፈርቱ ዋና ነጥቦች ነበሩ፤ ዛሬም ናቸው።

ደርግ በአዋጅ ቁጥር 54 የግል ትምህርት ቤቶችን ወደ ሕዝብ ይዞታነት አዛወረ። ትምህርት ቤቶቹ የሕዝብ ትምህርት ቤት እየተባሉ የአካባቢው ነዋሪ በሚሳተፍባቸው ኮሚቴዎች መተዳደር ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የግል ትምህርት ቤት መስፈርት የሚባል ጥያቄ ራሱ አልነበረም።

በሩ እንደገና የተከፈተው በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው የግል ባለሀብቱን ጋበዘ፤ በተለይ መዋዕለ ሕፃናትን መንግሥት ለግሉ ዘርፍና ለማኅበረሰቡ ተወለት ማለት ይቻላል። በቀጣዩ ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለግል የትምህርት ተቋማት ፈቃድ ስለ መስጠትና ስለ መቆጣጠር ደንብ ቁጥር 206/1987ን አወጣ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባር ላይ የዋለው አዲስ ፖሊሲ የትምህርት እርከኑን 6 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ 2 ዓመት መካከለኛ ደረጃና 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ አድርጎ ስለለወጠው፣ ቀድሞ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በአንድ ፈቃድ ይሠሩ የነበሩ ትምህርት ቤቶች አደረጃጀታቸውን ከአዲሱ እርከን ጋር ማስማማት ነበረባቸው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአጠቃላይ ትምህርት አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል።

የፈቃድ አሰጣጥ

ሂደቱ ከሞላ ጎደል ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ አመልካቹ የሚከፍተውን የትምህርት እርከን፣ ቦታውን፣ የገንዘብ ምንጩንና ዕቅዱን አቅርቦ የቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃል። ይህ ፈቃድ ለዝግጅት እንጂ ተማሪ ለመመዝገብ አይደለም። ቀጥሎ ባለሙያዎች በአካል ተገኝተው ግቢውን፣ ክፍሎቹን፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ የመምህራኑን ማስረጃና የትምህርት መሣሪያውን በመመዘኛ ቅጽ እየለኩ ያያሉ፤ ካለፈ የማስተማር ፈቃድ ወይም እውቅና ያገኛል። ሦስተኛው እድሳት ነው፤ ፈቃዱ ዘመኑ ሲያልቅ ምርመራው ይደገማል።

አብዛኛው ጥፋት የሚፈጸመው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ለተወሰነ ቦታና ለተወሰኑ ክፍሎች ነው። እስከ 4ኛ ክፍል የተፈቀደለት ትምህርት ቤት ልጆቹ አድገዋል ብሎ 5ኛ ክፍልን በራሱ ሥልጣን ሊከፍት አይችልም፤ ግቢ ከቀየረም አዲሱ ግቢ እንደ አዲስ ይመዘናል፤ ቅርንጫፍ ቢከፍት የዋናው ፈቃድ ለቅርንጫፉ አያገለግልም። ወላጅ ግን በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ማኅተም ያለበት ወረቀት አይቶ ልቡ ያርፋል። በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የክፍል ደረጃና የማብቂያ ቀን የሚያነብ ጥቂት ነው።

ከትምህርት ፈቃዱ ጎን ለትርፍ የሚሠራ ትምህርት ቤት በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የንግድ ምዝገባና የንግድ ሥራ ፈቃድ ያወጣል። ከትምህርት መሥሪያ ቤቱ የሚያገኘው ማስረጃ ለዚህ እንደ ብቃት ማረጋገጫ ያገለግላል። የትምህርት አገልግሎት ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ቢሆንም ትርፉ ግን ከንግድ ሥራ ገቢ ግብር አያመልጥም። በሕግ ዓይን የግል ትምህርት ቤት ግማሹ የሕዝብ አገልግሎት፣ ግማሹ ንግድ ቤት ነው፤ ብዙው ክርክርም ከዚህ ሁለት መልክ የሚመነጭ ነው።

ግቢና ሕንፃ፦ የወረታና የፎገራ ሜዳ ሁኔታ

የስታንዳርድ ሰነዶቹ ስለ ግቢ የሚጠይቁት ነገር ለማንበብ ቀላል ነው። ትምህርት ቤቱ ከመጠጥ ቤት፣ ከገበያ ጫጫታና ከአደገኛ መንገድ የራቀ፣ የታጠረ፣ መጫወቻ ሜዳ ያለው መሆን አለበት። ብርሃንና አየር የሚያገኙ የመማሪያ ክፍሎች፣ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ፣ ለወንዶችና ለሴቶች ልጆች የተለየ መጸዳጃ ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ከፍ ላሉት ክፍሎች ደግሞ ቤተ ሙከራና የኮምፒውተር ክፍል ያስፈልጉታል። የአንድ ክፍል የተማሪ ቁጥር ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በቆየው የሚኒስቴሩ መለኪያ በአንደኛ ደረጃ ከ50፣ በሁለተኛ ደረጃ ከ40 መብለጥ የለበትም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው ያዛል።

ይህ ዝርዝር መሬት ሲነካ ምን እንደሚመስል ለማየት ፎገራ ጥሩ ምሳሌ ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የምትገኝ፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድም የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ዙሪያዋ በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ይህ ውሃ ፎገራን የአገሪቱ የሩዝ መዲና ያደረጋት በረከት ነው፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ይገኛል። ለሕንፃ ግን ያው ውሃ ሌላ መልክ አለው።

የሜዳው አፈር ዋልካ ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በላዩ የቆመ ግድግዳ በየዓመቱ ይህን ንቅናቄ ስለሚሸከም መሠረቱ ጠልቆ ካልተቆፈረና አፈሩ ተነሥቶ በጠጠር ወይም በሌላ አፈር ካልተተካ ሕንፃው ይሰነጠቃል። ስለዚህ በደጋው ድንጋያማ መሬት ላይ በመጠኑ ወጪ የሚሠራ ተመሳሳይ የመማሪያ ክፍል በሜዳው ላይ ከመሬት በታች ብቻ ብዙ ገንዘብ ይውጣል። መጸዳጃ ቤትም እንዲሁ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበትና ጎርፍ በሚደርስበት ቦታ ተራ የጉድጓድ መጸዳጃ በክረምት ይሞላል፤ ይባስ ብሎም ከውሃ ጉድጓድ ጋር ሊገናኝ ይችላል። መስፈርቱ ለሴት ልጆች የተለየ መጸዳጃ ይኑር ሲል አንድ መስመር ነው። በፎገራ ግን ይህን መስመር ለማሟላት ከፍ ብሎ የተሠራ፣ በሲሚንቶ የተለበጠና የሚመጠጥ ጉድጓድ ያስፈልጋል።

ይህ ወጪ ባለቤቶችን ወደ ኪራይ ቤት ይገፋል። በኢትዮጵያ ትንንሽ ከተሞች የግል ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ለመኖሪያ በተሠራ ግቢ ውስጥ በመዋዕለ ሕፃናት ነው፤ ከዚያ ልጆቹ ሲያድጉ በየዓመቱ አንድ ክፍል ይጨመራል። ሳሎን ለሁለት ተከፍሎ ክፍል ይሆናል፤ መኪና ማቆሚያው መጫወቻ ሜዳ ይባላል። በከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት መሬት ወስዶ የራስን ሕንፃ መገንባት ቢቻልም የጨረታው ዋጋና የዋልካው መሠረት ሲደመሩ ለአንድ ጡረታ የወጣ መምህር ወይም ለጥቂት ጓደኛሞች ማኅበር ቀላል አይደለም። በዚህ ላይ የገጠሩ ወላጅ ገንዘብ የሚያገኘው ሩዙ ታጭዶ ሲወቃ፣ ከኅዳርና ታኅሣሥ ወዲህ ነው፤ የምዝገባ ክፍያ ግን መስከረም ላይ ይጠየቃል። በሩዝ አገር የትምህርት ቤት የገንዘብ አቅም በመከር ወቅት ይለካል እንጂ መስከረም ላይ ለአመልካችነት በሚቀርብ የባንክ ደብተር አይለካም።

መምህራን

የግል ትምህርት ቤት መምህር ለሚያስተምርበት እርከን የተቀመጠውን የትምህርት ደረጃ ማሟላት አለበት። ለሁለተኛ ደረጃ ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠየቃል፤ ከዚያ በታች ላሉት እርከኖች በመምህራን ኮሌጅ የሚሰጠው ዲፕሎማ ለብዙ ጊዜ መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። ርዕሰ መምህሩ የትምህርት አመራር ሥልጠናና የማስተማር ልምድ እንዲኖረው ይጠበቃል፤ የትምህርት ቤቱ ባለቤት መሆን ብቻውን ርዕሰ መምህር አያደርግም።

የመንግሥት መምህር በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ሲተዳደር የግሉ መምህር የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሥራ ሰዓት፣ የዓመት ዕረፍት፣ 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ (30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ) እና ከሥራ የማሰናበት ሥርዓት ከዚያ ይመነጫሉ። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት አሠሪው የደመወዙን 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። በተግባር የሚያከራክረው የክረምቱ ወራት ነው። መምህሩን ለ10 ወር ቀጥሮ በሰኔ ማሰናበትና በመስከረም እንደገና መቅጠር በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች የተለመደ ሲሆን፣ አዋጁ ግን የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ የሚገምት በመሆኑ እንዲህ ያለው ቅጥር በፍርድ ቤት ሊፈተን ይችላል። መምህሩ በየዓመቱ የሚለዋወጥበት ትምህርት ቤት በወረቀት ላይ መስፈርቱን ያሟላ ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹ ግን በየመስከረሙ አዲስ ፊት ያያሉ።

ሥርዓተ ትምህርትና ቋንቋ

የግል ትምህርት ቤት ተጨማሪ ትምህርት መስጠት ይችላል እንጂ አገሪቱ ያወጣችውን ሥርዓተ ትምህርት በሌላ መተካት አይችልም። በአማራ ክልል የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ በአብዛኛው አካባቢ አማርኛ ሲሆን በአዊ አገውኛ፣ በዋግ ኽምራ ኽምጣኛ፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ኦሮምኛ ነው። እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል።

ችግሩ ብዙ ወላጅ ለግል ትምህርት ቤት የሚከፍለው እንግሊዝኛ ፈልጎ መሆኑ ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ሒሳብንና ሳይንስን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ፣ ከውጭ በመጡ መጻሕፍት ያስተምራሉ፤ ሕጋዊውን መጽሐፍ ደግሞ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ከመደርደሪያ ያወርዱታል። ልጁ የ6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ሲደርስ የሚፈተነው ግን በክልሉ ሥርዓተ ትምህርት ነው። ቤት ውስጥ በአማርኛ የሚያስብ፣ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚያነብ፣ ፈተና ላይ እንደገና በአማርኛ የሚጠየቅ ተማሪ የሦስቱም ተጠቂ ይሆናል።

በልዩ ስምምነት የሚሠሩ የውጭ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ የሚገኘው የፈረንሳይ ሊሴ ገብረ ማርያም፣ የራሳቸውን ሥርዓተ ትምህርት ይከተላሉ። እነዚህ ከደንቡ የወጡ ጥቂት ተቋማት ናቸው፤ ኢንተርናሽናል የሚል ስም መለጠፍ ብቻውን ይህን መብት አይሰጥም።

ፈቃድና የኢንስፔክሽን ደረጃ

ፈቃድ ማግኘትና በደረጃ መመደብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንባቢም በቀላሉ ያምታታቸዋል። ትምህርት ሚኒስቴር ለመንግሥትም ለግልም ትምህርት ቤቶች በሚጠቀምበት የአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን ማዕቀፍ 26 ስታንዳርዶች አሉ። እነዚህ በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት ተከፍለው እንደ ቅደም ተከተላቸው 25፣ 35 እና 40 በመቶ ክብደት ይይዛሉ። ድምሩ ከ50 በመቶ በታች የሆነ ትምህርት ቤት ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ያልደረሰ ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ያልደረሰ ደረጃ 3፣ 90 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ደረጃ 4 ይባላል። ደረጃ 1 እና 2 ከስታንዳርድ በታች እንደሆኑ ይቆጠራል።

ሚኒስቴሩ ራሱ ደጋግሞ እንደገለጸው አብዛኞቹ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ከደረጃ 3 በታች ናቸው። እዚህ ላይ የግል ትምህርት ቤት ባለቤቶች የሚያነሡት ቅሬታ መልስ የሚሻ ነው፦ የመንግሥት ትምህርት ቤት ደረጃ 1 ቢሆን አይዘጋም፤ ልጆቹ የሚሄዱበት ሌላ ቦታ የለምና። የግሉ ግን በተመሳሳይ ጉድለት ፈቃዱ ሊነሣ ይችላል። በሌላ በኩል ወላጅ ከኪሱ ገንዘብ ከፍሎ የገዛው አገልግሎት ቢያንስ የተባለውን እንዲሆን መጠበቁ ተገቢ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ ደግሞ አጥርና ጣሪያ የሚቆጥረው የፈቃድ መስፈርት ስለ ትምህርቱ ምን ያህል እንደሚናገር የብዙዎች ጥያቄ ሆነ።

ጥያቄው የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው የትምህርት መብት ሕግ የግል ትምህርት ቤቶች የክፍል፣ የመጸዳጃ፣ የመጫወቻ ሜዳና የመምህር መስፈርቶችን በሦስት ዓመት ውስጥ ካላሟሉ እውቅናቸው እንዲነሣ ደነገገች፤ እውቅና የማውጣት ግዴታው ግን የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን አይመለከትም። በድሃ ሰፈሮች የነበሩ አነስተኛ ክፍያ የሚጠይቁ ትምህርት ቤቶች በዚህ ሕግ ተጨነቁ። የጀርመን መሠረታዊ ሕግ በአንቀጽ 7 የመንግሥትን ትምህርት ቤት የሚተካ የግል ትምህርት ቤት በትምህርት ዓላማው፣ በመሣሪያውና በመምህራኑ ሥልጠና ከመንግሥቱ እንዳያንስ፣ ተማሪዎችን በወላጆቻቸው ሀብት እንዳይለያይና የመምህራኑ ኑሮና ሕጋዊ አቋም የተረጋገጠ እንዲሆን ይጠይቃል። የመምህሩ ኑሮ በሕገ መንግሥት ደረጃ ለትምህርት ቤት ፈቃድ ቅድመ ሁኔታ መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ክፍያ

የክፍያ መጠን በአብዛኛው በትምህርት ቤቱና በወላጆች መካከል የሚወሰን ነው። የተቆጣጣሪ አካላት ልማዳዊ አሠራር ጭማሪ ከመደረጉ በፊት ወላጆች ተጠርተው እንዲወያዩና ውሳኔው ከምዝገባ በፊት እንዲታወቅ መጠየቅ ነው። በየዓመቱ በግንቦትና በሰኔ፣ በተለይ በአዲስ አበባ፣ ስብሰባው መስማማት ሳይሆን ማሳወቅ ብቻ ሆነ የሚል ክርክር ይነሣል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ክፍሉ ተዘግቶ ሙሉ ክፍያ መጠየቅ አለበት ወይስ የመምህሩ ደመወዝ ይቋረጥ የሚለው ጥያቄ መንግሥትን ጣልቃ አስገብቶ ወላጆች ከፊሉን ብቻ እንዲከፍሉ ተደርጓል።

የልጆች ደኅንነት

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህ የግል ትምህርት ቤትንም ይይዛል፤ ወላጅ ግረፉልኝ ብሎ ቢፈቅድ እንኳ ትምህርት ቤቱን ከኃላፊነት አያድነውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ትምህርት ቤት ሳለ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት በአባቱ ፋንታ የትምህርት ቤቱን ኃላፊ ተጠያቂ ያደርጋል። ከክፍል ውጭ ባለው የዕረፍት ሰዓት ጠባቂ መምህር መመደብ እንግዲህ ደግነት ሳይሆን ከዚህ ኃላፊነት የሚመጣ ጥንቃቄ ነው።

ከመስፈርቱ ውጭ ያሉ ትምህርት ቤቶች

ደቡብ ጎንደር ከማንኛውም የመንግሥት ፈቃድ በፊት የነበሩ ትምህርት ቤቶች አገር ነው። የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ዙር አምባና የድጓ ማስመስከሪያ ቤተልሔም በዚሁ ዞን ይገኛሉ። ከሩቅ አገር የመጡ የቆሎ ተማሪዎች ጎጆ ቀልሰው የሚማሩባቸው እነዚህ ጉባኤ ቤቶች የመማሪያ ክፍል ስፋትም ሆነ የተማሪ ክፍል ጥምርታ አይለካባቸውም፤ የሚሰጡት ምስክርነት የቤተ ክርስቲያን እንጂ የመንግሥት የክፍል ደረጃ አይደለምና። በመስጊድ የሚሰጠው የቁርአን ትምህርትም በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ነው። ግቢው ውስጥ መደበኛ የ1ኛ ክፍል ትምህርት የተጀመረ ዕለት ግን ለዚያ ክፍል ፈቃድ ይጠየቃል።

ፈቃድ ሲነሣና ትምህርት ቤት ሲዘጋ

መስፈርቱን ያጎደለ ትምህርት ቤት ወዲያው አይዘጋም። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የማስተካከያ ጊዜ ይሰጠዋል፤ አዲስ ተማሪ እንዳይመዘግብ ሊታገድ፣ የተወሰኑ ክፍሎቹ ሊቀነሱ፣ በመጨረሻም ፈቃዱ ሊነሣ ይችላል። ባለቤቱ በራሱ ፍላጎት ቢዘጋም የትምህርት ዘመኑን አጋምሶ ልጆቹን መበተን አይፈቀድለትም፤ የተማሪዎቹን ሮስተርና የግል ማኅደርም ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ማስረከብ አለበት። ይህ የመጨረሻው ግዴታ ቀላል ይመስላል። ሆኖም ከዓመታት በኋላ ትራንስክሪፕት ፈልጎ የሚመጣ ሰው የሚያንኳኳው በር የቱ እንደሆነ የሚወስነው ይኸው ርክክብ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ባለሙያዎች ተዘዋውረው ምርመራ ማድረግ የማይችሉባቸው ቦታዎችም ብዙ ናቸው። መንገድ በተዘጋበት አካባቢ የፈቃድ ዘመኑ ያለፈበት ትምህርት ቤት በራሱ ጉድለት ካላሳደሰው ጋር በወረቀት አንድ ይመስላል። ከተዘጋ ትምህርት ቤት ተፈናቅሎ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር የሄደ ተማሪ መሸኛ ይዞ ካልመጣ የክፍል ደረጃውን የሚያረጋግጥለት ለወረዳው የተላከ የሮስተር ግልባጭ ወይም በክልላዊ ፈተና የተመዘገበ ውጤት ነው።